የዶዮገና ጓሮና ዝንብ ያዧ ወፍ

ከሆሳዕና ወደ አረካና ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ዶዮገና የሚደርስ መንገደኛ ግራ ቀኙን አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጫካ ግን አያይም። የሚያየው ጓሮ ነው። ቤት፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ከብት የሚታሰርበት መስክ፣ ከቤቱ ጀርባ ጥቅጥቅ ያለ እንሰት፣ ከእንሰቱ ወዲያ ድንች፣ ባቄላና ስንዴ፣ በእርከኑ ላይ የደሾ ሣር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ባሕር ዛፍ፤ ከዚያም ሌላ ቤት፣ ሌላ መስክ፣ ሌላ እንሰት። በዚያው በከምባታ ምድር የአምበሪቾን ተራራ 777 ደረጃዎች ወጥቶ ቁልቁል የሚመለከት ሰውም ያንኑ ነው የሚያየው፤ ጓሮ ከጓሮ ተቀጥሎ እስከ አድማሱ ይዘልቃል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የያኔው ከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 500 ያህል ሰው ይኖርበት ነበር፤ በኢትዮጵያ ገጠር ይህን ያህል ሰው የሰፈረበት አካባቢ ጥቂት ነው። እዚህ ቆሞ ስለ ጫካ ወፍ ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን ቀልድ አይደለም። በአፍሪካ ደኖች ውስጥና ዳር የሚኖሩት ትንንሽ ዝንብ ያዥ ወፎች በዚህ ምድርም መኖር የቻሉት የአካባቢው ሰው ለራሱ ሲል ባቆየው ጓሮ ምክንያት ነው። ደን ስንቆጥር ይህን ጓሮ ካልቆጠርን ሂሳቡ ጎደሎ ነው፤ ደን ለመመለስ ስንነሳም ጓሮውን ካጠፋን ትርፉ ኪሳራ ነው።

በደጋና በወይና ደጋ ጓሮዎቻችን በቀላሉ የሚታዩት ዝንብ ያዦች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ባለ ረጅም ጭራው ነው። ወንዱ ራሱ ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያብለጨልጫል፤ ጀርባውና ጭራው የሸክላ ቀለም አለው፤ ዓይኑን ሰማያዊ ቀለበት ይከበዋል፤ ከጭራው መካከል ሁለት ላባዎች ከገላው በላይ ይረዝማሉ። ጀርባውና ጭራው ነጭ የሆነ ወንድም አለ፤ ሌላ ዓይነት ወፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ነገር ግን ያው አንዱ ነው። ክብደቱ 15 ግራም ገደማ ነው። ሁለተኛው ግራጫው ዝንብ ያዥ ነው፤ ከላይ ጠቆር ያለ፣ ከታች ነጣ ያለ፣ ዓይኑ ፈዛዛ ቢጫ የሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ዛፍ በበዛበት ግቢ የማይታጣ ወፍ ነው። ይህን ወፍ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ካደረገው ጉዞ በኋላ በ1840 ለሳይንስ አስተዋውቆታል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይኖርም። ሦስተኛዋ ትንሿ ቡናማ ዝንብ ያዥ ናት። ቁመቷ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከ10 ግራም ብዙም የማያልፍ፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች እስከ ደቡብ አፍሪካ በደን ዳርና በጅረት ዳር የምትኖር ናት። ዝምተኛና ቀለሟ ደብዛዛ በመሆኑ ብዙ ሰው አጠገቧ እያለፈ አያያትም።

ትንሿን ቡናማ ለጥቂት ደቂቃ የተመለከተ ሰው የሦስቱንም ኑሮ ይረዳል። ከጥላው ወጣ ባለ ደረቅ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ገላዋ አይንቀሳቀስም፤ ራሷ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ትንኝ ወይም ዝንብ ሲያልፍ ትወረወራለች፤ ምንቃሯ ጠቅ ሲል ይሰማል፤ ወዲያው ዞራ ወደዚያው ቅርንጫፍ ወይም አጠገቡ ወዳለው ትመለሳለች። ቅጠል እያገላበጠች አትፈልግም፤ መሬት እየጫረች አትለቅምም። መሣሪያዋ ዓይኗ ነው። በእነዚህ ወፎች ምንቃር ግርጌ ዙሪያ የቆሙት ጠንካራ ጸጉሮች ነፍሳቱን እንደ መረብ ይይዛሉ ተብሎ ሲታመን ኖሯል፤ በአሜሪካ አንድ ዝንብ ያዥ ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት ግን ጸጉሮቹ በበረራ ጊዜ ዓይንን ከጉዳት እንደሚከላከሉ አሳየ። ይህ ለክርክራችን ዋጋ አለው። በዓይኑ የሚያድን ወፍ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ጥላ፣ ነፍሳቱ በብርሃን የሚታዩበት ክፍት አየር፣ የነፍሳቱም መፈልፈያ። ሦስቱ በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ ካልተገናኙ ያ ቦታ ለእሱ ባዶ ነው።

ወፎቹን የሚያመሳስላቸው ዘር አለመሆኑም ይህንኑ ያጠናክራል። ግራጫውና ትንሿ ቡናማ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ባለ ረጅም ጭራው ግን በዘር ሐረጉ ከእነሱ ይልቅ ለቁራ ይቀርባል። በአሜሪካ ከ400 የሚበልጡ ዝንብ ያዥ የሚባሉ ወፎች አሉ፤ እነዚያ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ፣ በጣም የራቁ ናቸው። ሦስት የተራራቁ ወገኖች በየፊናቸው አንድ ዓይነት ምንቃር፣ አንድ ዓይነት አቀማመጥና አንድ ዓይነት አደን ይዘው የተገኙት የኑሯቸው ቦታ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፤ ጥላ፣ ክፍተት፣ በአየር ላይ የሚበር ምግብ። እንግዲህ የጫካ ዝንብ ያዥ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ የቦታውን አሠራር መመርመር አለብን፤ መዝገብ ላይ ደን ተብሎ መጻፉ ለወፉ ምንም አይነግረውም።

አደኑ ብቻውን አይበቃም፤ መራባትም አለ። የባለ ረጅም ጭራው ጎጆ ከቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ቀጭን ቅርንጫፍ መንታ የሆነበትን ቦታ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ ከተቻለም ጅረት ባለበት ሸለቆ ላይ። ወንዱና ሴቷ ተባብረው ቀጫጭን ሥር፣ የሣር ጭራሮና የቅርፊት ክር ያጠላልፋሉ፤ ማሰሪያው የሸረሪት ድር ነው፤ ከውጭ በኩል ከዛፍ ቅርፊት የተነቀለ ግራጫ ሽበት ይለጥፉበታልና ጎጆው የቅርንጫፉ አካል ይመስላል። ሴቷ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። ወንዱም ተራውን ይታቀፋል፤ ያን ጊዜ ረጅሙ ጭራው ከጎጆው ወጥቶ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይታያል። መታቀፉ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ጫጩቶቹ ለመብረር የሚያስፈልጋቸው ጊዜም ከዚያ ብዙ አይለይም። ስለዚህ ወፉ ከቦታው የሚጠይቀው የሸረሪት ድር የሚገኝበት፣ ሽበት የሚያበቅል አሮጌ ቅርፊት ያለበት፣ ለአንድ ወር ያህል ቅርንጫፉ የማይቆረጥበት ስፍራ ነው። መድኃኒት በተረጨበት ማሳ ሸረሪት አይበረክትም፤ ገና በተተከለ ወጣት ዛፍ ላይ ሽበት አይገኝም።

አሁን የዶዮገናን ጓሮ በዚህ መለኪያ እንየው። እንሰት በአንድ ዕድሜ አይቆምም። ችግኙ፣ ተነቅሎ የተዛወረው፣ ለመፋቅ የደረሰው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከተተከለ እስከሚፋቅ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዝርያው በርካታ ዓመታት ስለሚወስድ ቤተሰቡ ሁልጊዜ የተለያየ ቁመት ያለው ተክል ይኖረዋል። በመካከሉ ቡናና ጎመን አለ፤ ከበላዩ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ቆርች ወይም ጥቁር እንጨት ይቆማል፤ በአጥሩ ላይ ግራዋና ሐረግ ይጠላለፋል። ሰፊው የእንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚነሳበት ቦታ የዝናብ ውሃ ያቁራል፤ እዚያ ትንኝና ልዩ ልዩ ጥቃቅን ነፍሳት ይፈለፈላሉ። ሴቶቹ ከበረት እያወጡ በእንሰቱ ሥር የሚደፉት ፍግ ዝንብን ይጠራል። ከቤቱ ፊት ያለው መስክ ደግሞ ክፍት ነው፤ ከእንሰቱ ጥላ ወጣ ብሎ ከተቀመጠ ወፍ ፊት ብርሃን ያለበት የአደን ሜዳ ይዘረጋል። ጥላው፣ ክፍተቱና መፈልፈያው በሃያና በሠላሳ ሜትር ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። ይህን ማንም ለወፍ ብሎ አላቀደውም። ቆጮና ቡላ ለማግኘት፣ ከብት ለማሰር፣ ቤትን ከነፋስ ለመከለል የተሠራ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የደን ዳር አሠራርን ቁልጭ አድርጎ ይደግማል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል ከእኛው አገር ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ባዮሎጂካል ኮንሰርቬሽን በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ በጥላ ሥር የሚለማ የቡና ማሳንና በአጠገቡ ያለውን ተፈጥሯዊ ደን አነጻጽሯል። በቡናው ጥላ ሥር የተገኙት የወፍ ዓይነቶች ከደኑ ከእጥፍ በላይ ነበሩ፤ በደኑ ውስጥ የተመዘገቡት ወፎችም ሁሉም በቡናው ውስጥ ተገኝተዋል። ቡናና እንሰት አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሰው አገር በቀል ዛፍ ሳይጨርስ ከሥሩ የሚያለማባቸው፣ ደረጃ ደረጃ ያለው ጥላ የያዙ ልማቶች ናቸው። ከዚህ ተነስቶ የእንሰቱ ጓሮም ለደን ዳር ወፎች መጠለያ ይሆናል ማለት ትልቅ ዝላይ አይደለም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግን ከዚያው ጥናት ይመነጫል። ተመራማሪዎቹ የደን ብቻ የሆኑትና በደን ወለል አካባቢ ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች በቡናው ውስጥ ቁጥራቸው አንሶ እንዳገኟቸው ጽፈዋል። እንግዲህ ጓሮ ደንን ይተካል ማለት ስህተት ነው፤ የሸካን፣ የከፋን ወይም የሐረናን ደን እየመነጠሩ በጓሮ እናካክሳለን የሚል ሰው ከዚህ ጽሑፍ ድጋፍ አያገኝም። በጥልቅ ጨለማ ውስጥ ብቻ የሚኖር ወፍ የዶዮገናን መስክ አይሻገርም። የእኔ ነጥብ ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። ዝንብ ያዦቹ በባሕርያቸው የዳር ወፎች ናቸው፤ ጥላና ብርሃን የሚገናኙበትን ድንበር ይወዳሉ። ትልቅ ደን ባለበት አካባቢ ጓሮው ተጨማሪ ነው፤ ትልቅ ደን በሌለበት በዶዮገና ግን የቀረው ዋናው መጠለያ እሱ ነው። ለአንዱ አካባቢ ትንሽ የሆነው ነገር ለሌላው ሁሉ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገበሬ ጥያቄ ነው፤ ወፏ ለእንሰቴ ምን ትጠቅመዋለች? በሐቅ ከተመለሰ፣ እንሰትን ከሚጎዱት ከዋና ዋናዎቹ ከሁለቱ አታድነውም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በአብዛኛው በተበከለ ቢላዋና መሣሪያ ይዛመታል፤ በሽታውን የሚገታው መሣሪያን ማጽዳትና የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር ነው። የእንሰቱን ሥር የሚመጠው ነጭ ተባይም አፈር ውስጥ ስለሚኖር በአየር ላይ የሚያድን ወፍ አይደርስበትም። ወፍ ሁሉን ይፈውሳል ብሎ የሚሰብክ ሰው ገበሬው አንድ ዓመት አምኖት በሁለተኛው ይንቀዋል። ይሁን እንጂ ጓሮው እንሰት ብቻ አይደለም። በኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ፣ የቻጋ ሕዝብ ሙዝና ቡና ከዛፍ ጋር አቀላቅሎ በሚያለማበት አካባቢ ወፎችና የሌሊት ወፎች ቡናው ጋ እንዳይደርሱ በመረብ ተከልለው በተደረገ ሙከራ ፍሬ የያዘው የቡና አበባ 9 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። የቻጋ ጓሮ ለከምባታና ለሀዲያ ጓሮ የቅርብ ዘመድ ነው። 9 በመቶ ሀብታም አያደርግም፤ ያለ ደመወዝ ለሚሠራ ሠራተኛ ግን ትንሽ አይደለም። ከብት በሚታሰርበት መስክ ላይ ቀኑን ሙሉ ዝንብና ትንኝ የሚለቅም ወፍም ቢያንስ ለማንም ዕዳ አይሆንም፤ እህል አይበላም፣ ፍሬ አያበላሽም።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የመሬት ጥበት ነው። በካሬ ኪሎ ሜትር 500 ሰው በሰፈረበት አካባቢ ለልጆቹ የሚያወርሰው መሬት ያጣ አባት ዋንዛ አቁም ሲባል ሊቆጣ ይችላል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶና ለአጣና ይደርሳል፤ ድንገት ገንዘብ ሲያስፈልግ፣ ሰው ሲታመም፣ ሠርግ ሲመጣ ተቆርጦ የሚሸጥ ባንክ ነው። ጫትም በየጊዜው ገንዘብ ያመጣል። በሲዳማና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች የእንሰትና የቡና ጓሮ ለጫትና ለባሕር ዛፍ ቦታ እየለቀቀ መሆኑ በጥናት የተመዘገበ ነው። ይህን የሚያደርገውን ገበሬ መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሕ አይደለም። ይልቅ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛ፣ ባሕር ዛፍ የት ይተከል የሚለውን ገበሬው ራሱ ያውቀዋል፤ ከእህልና ከእንሰት አጠገብ ሲሆን ውሃና ለምነት እንደሚሻማ ስላየ አፋፍ ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ ክርክሩ ባሕር ዛፍ ይጥፋ አይደለም፤ ከቤቱ ጀርባና ከጅረቱ ዳር ይራቅ ነው። ሁለተኛ፣ እንሰት ራሱ መሬት ለጠበበው የተሰጠ ተክል ነው። በትንሽ ቦታ ብዙ ሰው ስለሚመግብና ዝናብ ቢዘገይ እንኳ ስለሚጠብቅ በአገሪቱ እስከ 20 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው በእሱ ይኖራል። ወፏን የሚያኖረው ሥርዓትና ሰውን የሚያኖረው ሥርዓት እዚህ ላይ አንድ ናቸው፤ ከሁለት አንዱን ምረጥ የሚባል ነገር የለም።

ምርጫ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው፤ አረንጓዴነትን በምን እንለካ የሚለው ላይ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። መትከል መልካም ነው፤ የተራቆተ ተዳፋት ከምንም በላይ ይፈልገዋል። ነገር ግን ቁጥር ስለ አሠራር አይናገርም። በአንድ ቀን የተተከለ፣ አንድ ዕድሜና አንድ ዓይነት የሆነ ዛፍ ከሥሩ ቁጥቋጦ ከሌለው ለዝንብ ያዥ ወፍ መቀመጫ ብቻ ነው፤ ድሩም፣ ሽበቱም፣ የሚበር ምግቡም አብሮ አልመጣም። በአንጻሩ በዘመቻ ያልተተከለ፣ ፎቶ ያልተነሳ፣ በየትኛውም የደን ሪፖርት ያልገባ ጓሮ ሁሉንም ይዟል። ሪፖርቱ የሚያድግበት፣ ወፉ ግን የሚጠፋበት አገር ሊኖር እንደሚችል ማሰብ አለብን። አውሮፓውያን ይህን ቀምሰውታል። በጓሮና በመናፈሻ የሚኖረውና ክረምታቸውን ሽሽት በእኛ ሰማይ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያልፈው ዝንብ ያዥ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ጠፍቷል። ብሪታንያ በዚያ ሁሉ ዘመን የደን ሽፋኗ አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጨምሯል። ለወፉ መጥፋት የሚጠረጠሩት የነፍሳት መመናመን፣ የጎጆ አጥቂዎችና በጉዞውና በክረምት ማረፊያው የሚገጥመው ችግር ናቸው። ዛፍ ብዛቱ ብቻ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ስለዚህ ለወረዳ ግብርና ባለሙያ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛና ለጓሮው ባለቤት የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። የዛፍ ሽፋን ሲለካ በጓሮ ያለው ዋንዛ፣ ቆርች፣ ብሳናና ጥቁር እንጨት ይቆጠር፤ ለችግኝ ጣቢያዎች ዕቅድ ሲወጣም እነዚሁ ከባሕር ዛፍ እኩል ቦታ ያግኙ። በጅረት ዳር ያለው ቁጥቋጦ ጥቂት ሜትር ስፋት ኖሮት ይተው፤ ለእርሻ የሚሰጠው ትርፍ ትንሽ ነው፣ ሲመነጠር ግን ጅረቱ ራሱ ይጎዳል። በዝናብ ወራት የጥላ ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ጎጆ እንዳለው ቀና ብሎ ማየት ወጪ የለውም። ተባይ ማጥፊያ ያለ ባለሙያ ምክር በጓሮ ውስጥ አይረጭ፤ የሚሞተው ተባዩ ብቻ አይደለምና። ልጆችም ወንጭፋቸውን ከባለ ረጅም ጭራው ላይ ያንሱ፤ ጭራው ማርኮ ዒላማ ያደረገው ወፍ ስለሆነ። ከዚህ ውስጥ አዲስ በጀት የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም። ግራጫው ዝንብ ያዥ ከእኛና ከኤርትራ ደጋ ቢጠፋ ከሌላ አገር አምጥቶ የሚተካው አይኖርም። የዶዮገና ሰው እስካሁን ያኖረው ሳይጠየቅና ሳይከፈለው ነው፤ ቢያንስ በተጻፈው የደን ሂሳብ ውስጥ ድርሻው ይመዝገብለት።